ጉዳይዎ በሂደት ላይ ነው

ሰኞ ማታ

ዛሬ እናቴን ዋሸኋት። ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው የዋሸኋት።

ሐኪሙ ወረቀቶቹን አገላብጦ አገላብጦ ሲያበቃ መነጽሩን አወለቀ። "ኩላሊትሽ ለወንድምሽ ይስማማል" አለኝ። ደስ ብሎኝ ልነሳ ስል እጁን አነሳ። "ቁጭ በይ። ችግሩ ኩላሊትሽ አይደለም፣ ክብደትሽ ነው። ግፊትሽም ትንፋሽሽም ሰመመን የሚችል አይደለም። አንዱን አድናለሁ ብዬ ሌላዋን ጠረጴዛዬ ላይ ማጣት አልፈልግም።" ዝናቡ እስኪያበቃ ጊዜ ሰጠኝ። እስከዚያ ከቀነስኩና ደረጃ ወጥቼ ሳላለከልክ ማውራት ከቻልኩ ቀዶ ጥገናው ይሠራል። ካልሆነ ሌላ ሰው ፈልጉ አለ። ሌላ ሰው የለንም። እማዬ ስኳር አለባት፣ አባታችን ከሞተ ቆይቷል፣ እሷ ደግሞ ከእኔና ከእሱ ሌላ ልጅ የላትም።

ቤት ስገባ ሁለቱም ሳሎን ሆነው ይጠብቁኛል። ወንድሜ ከኩላሊት እጥበት የተመለሰበት ቀን ስለሆነ ሶፋው ላይ ጋደም ብሏል። "እህስ?" አለች እማዬ። እኔም አፌን ከፍቼ፣ "ይስማማል! ግን ሆስፒታሉ ወረፋ አለበት። ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው" አልኩ።

ይህን ነገር በቀን ስንቴ እንደምለው የማውቀው እኔ ነኝ። የውሃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ መቀበያ ስልክ ላይ ነው የምሠራው። ቧንቧው ደርቆበት ለሚጮህብኝ ሁሉ፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ "ጉዳይዎ በሂደት ላይ ነው" እላለሁ። ዛሬ ያንኑ ድምፅ ይዤ ቤቴ ገባሁ። እማዬ ዘላ አቀፈችኝ። እጆቿ ከጀርባዬ አልገናኝ አሏት። ወንድሜ ግን ዝም ብሎ አየኝ። ደክሞት ነው።

እውነቱን ያልተናገርኩት ፈርቼ አይደለም። እናትን "ልጅሽ የሚሞተው ሌላዋ ልጅሽ ስለወፈረች ነው" የምልበት አፍ ስለሌለኝ ነው።

ረቡዕ

እማዬ ሥራ ይዛለች። ሥራዋ እኔን መቀለብ ነው።

ጠዋት እንቁላል፣ ቀን ወደ ቢሮ የሚሄድ በሳህን የታሰረ ሩዝና ጮማ ስጋ፣ ማታ ዘይቱ ከላይ የሚንሳፈፍ ሾርባ። ዳቦው ላይ ቅቤውን ስትቀባው ዳቦው አይታይም። "ኩላሊት የምትሰጥ ሰው ደም ያስፈልጋታል! ብይ እንጂ፣ አሁንኮ የምትበዪው ለሁለት ነው።" እምቢ ብል ለምን ትለኛለች። ለምን ብትለኝ ምን እመልሳለሁ?

በላሁ። ቅር እንዳይላት ነው። ሳህኑን ስትወስድ ግንባሬን ሳመችኝ።

ዓርብ

ሐኪሙ የላከኝ ፊዚዮቴራፒስት፣ የሰውነት እንቅስቃሴ ባለሙያ ዘንድ ሄድኩ። ቀጭን ናት። ቀጭን መሆኗን ይቅር አልኳት፣ ምክንያቱም አልሳቀችብኝም።

"ሩጪ አልልሽም" አለችኝ። "ስፖርት ቤትም ግቢ አልልሽም። ከዚህ ወንበር በእጅሽ ሳትደገፊ መነሳት ትችያለሽ?" ሞከርኩ። ወንበሩም አብሮኝ ተነሳ። እሷ ወንበሩን ከኋላዬ አላቀቀችና ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጠለች። "ከዚህ እንጀምር። ቲቪ ስታዪ ማስታወቂያ ሲመጣ ተነሽ፣ ቁጭ በይ፣ ተነሽ። ስልክ ስታወሪ ቁሚ። ሻይ እስኪፈላ ባለሽበት እርገጪ። ግድግዳ በሁለት እጅሽ ግፊ። ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድመሽ ውረጂ። ስትራመጂ ደግሞ አውሪ። ማውራት ካቃተሽ ፈጥነሻል ማለት ነውና ቀስ በይ።"

"ይኸው ነው?" አልኳት።

"ይኸው ነው። ግን በየቀኑ።"

ሌላው ሁሉ ቀላል ነው። የከበደኝ ይህ "በየቀኑ" የምትለው ነው።

ሰኞ፣ ቢሮ

ስልክ ሲጠራ ተነሳሁ። የጆሮ ማዳመጫው ገመድ አጭር ነው። መሣሪያው ተጎትቶ መጣና ሻዬን ደፋው። አጠገቤ የምትቀመጠው ባልደረባዬ፣ ወሬ ስለማያልቅባት ሬዲዮ የምንላት፣ "ሚኒስትር ነው እንዴ የደወለው?" ብላ ቢሮውን በሳቅ ሞላችው።

ከሰዓት መሣሪያውን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስጠጋሁት። አሁን ገመዱ ይደርሳል። ተነሽ፣ ቁጭ በይ፣ ተነሽ። ጉልበቴ ይንቋቋል።

አንዱ ደዋይ፦ "ለምንድነው የምታለከልኪው? አንቺም ውሃ ፍለጋ ሄደሽ ነው?"

ረቡዕ ማታ

አንድ ፌርማታ ቀድሜ ወረድኩ። "ወራጅ አለ!" ስል ሰው ሁሉ ጉልበቱን ሰብስቦ አሳለፈኝ። በሩ ሳይዘጋ አንዷ ልጅ ለጓደኛዋ፣ "ተመስገን፣ አሁን እንተነፍሳለን" ስትል ሰማኋት። ዞሬ አላየኋትም። ፊቴ ግን እስከ ጆሮዬ ተለበለበ።

ከዚያ ዳገቱ። ዳገት መሆኑን ዛሬ ነው ያወቅኩት፣ በመኪና ለጥ ያለ ነበር። መሃል ላይ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ሲልብኝ ሰው እንዳያየኝ ስልኬን አውጥቼ ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩና ማንም ሳይደውልልኝ ማውራት ጀመርኩ። "እሺ... አዎ... ጉዳይዎ በሂደት ላይ ነው።" ባለሱቁ አዛውንት አዝነውልኝ በርጩማ ይዘው ወጡ። "ተቀመጪ ልጄ። ስንተኛ ወርሽ ነው?"

"ገና ነው አባቴ" ብዬ ተቀመጥኩ።

ቤት ስደርስ እማዬ ሾርባውን አሙቃ ትጠብቃለች። ደክሞሻል ብላ ሁለት ጊዜ ጨመረችልኝ።

ቅዳሜ

አሁን ደግሞ ይኼ መጣልኝ! ወንድሜ፣ "ሐኪሙ ተራመድ ብሎኛል፣ ብቻዬን ብወድቅስ ብዬ እፈራለሁ፣ እትዬ አብረሽኝ ውጪ" አለኝ። እጥበት በሌለበት ቀን ሁሉ ነው የሚለው። የራሴ መከራ አላነሰኝም፣ እሱን ደግሞ ማዝገም አለብኝ? ግን ፊቱን አየሁት። ቆዳው አመድ መስሏል፣ ዓይኖቹ ሥር አብጧል። ጃንጥላ ይዤ ወጣሁ።

ሳይታመም ቀለም ቀቢ ነበር። በከተማው ስንት ቤት የሱ እጅ አርፎበታል። አሁን መሰላል መውጣት ስለማይችል የሰው ሥራ እየተቸ ይሄዳል። ግድግዳ ሲያይ ቀጥ ይላል። "ይሄን እይው እትዬ፣ አንድ እጅ ቀብተው ነው የሸሹት። ሁለተኛ እጅ አልነካውም።" መዳፉን ያሳርፍበታል፣ ይጠርገዋል፣ ጣቱ ላይ የቀረውን ቀለም ያያል፣ ይሳደባል። እኔ እስከዚያ ትንፋሼን እሰበስባለሁ። ከዚያ "በይ፣ የዛሬዎቹን ደዋዮች ንገሪኝ" ይለኛል። እያወራሁለት እንሄዳለን። ወሬዬ መቆራረጥ ሲጀምር ሌላ ግድግዳ ይመጣል። መቼም መጥፎ ግድግዳ ሁልጊዜ ልክ እኔ ሲጨንቀኝ ነው የሚገኘው። በዚህስ ዕድለኛ ነኝ።

ማክሰኞ

ጉድ ሊፈላ ነበር። እማዬ ጫማዋን አድርጋ በር ላይ ቆማለች። "አለቃቸውን ነው የማናግረው! ልጄ ዓይኔ እያየ እየሟሸሸ ወረፋ ይሉኛል? ልብ የላቸውም እንዴ እነዚህ ሰዎች?" ሆስፒታሉን ከመሠረቱ ጀምራ ረገመችው።  ብትሄድ ኖሮ ሁሉን ትሰማ ነበር፣ በኔም ሳይሆን በሰው አፍ።

ወንድሜ ነው ያዳነኝ። "ተይ እማዬ፣ በሂደት ላይ ነው ብላሻለች እኮ" አላት። ይህን ሲል እኔን አላየኝም። ጫማዋን ራሱ ጎንበስ ብሎ ፈታላት።

ሐሙስ

ዛሬ አልተራመድኩም። አልተነሳሁም፣ ግድግዳም አልገፋሁም።

ከሥራ ስወጣ ኬክ ቤት ገባሁ። ፈርቼ አይደለም፣ ዝናብ ስለነበር ነው የገባሁት። ጥግ ላይ ጀርባዬን ለሰው ሰጥቼ በላሁ። አስተናጋጇ ሳህኑን ስታነሳ "ልድገምልዎት?" አለች። ድገሚ አልኳት። ጣዕሙንም አላውቀውም። ስበላ የነበረው የወንድሜን ዕድሜ ነው፣ ይህንን እያወቅሁ ነው የዋጥኩት። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ጎኔን ዳበስኩት። እዚህ ጋ ነው አሉ የሚከፍቱት። ፈርቼ አይደለም የዳበስኩት።

እሁድ

ሶስት ግድግዳ አለፍን፣ ሳንቆም! እሱ "ትናንት ስላየኋቸው ነው" ይላል። የእንጨት መሸጫውን አልፈን የትምህርት ቤቱ አጥር ድረስ ሄድን። ወሬዬ ሳይቆረጥ ስለ ሽማግሌው ደዋይ ሙሉ ታሪክ ጨረስኩለት፣ ሻወር ውስጥ ሳሙና እንደተቀባ ውሃ ስለጠፋበትና ስልኩን በአረፋ ይዞ ስለሚጮኸው። ሳቀልኝ። ሲስቅ ግን አጥሩን ያዘ።

ቤታችን ሁለተኛ ፎቅ ነው። ዛሬ መሃል ላይ ሳላርፍ ወጣሁት። የጫማዬን ማሰሪያም ትንፋሼን ሳልይዝ አሰርኩ። ሰው ቢያውቅ ይስቅብኛል፣ እኔ ግን በማሰሪያው ትንሽ አለቀስኩ።

እማዬ ቀሚሴን ከወገቤ ላይ ሰብስባ ያዘችው። "ከስተሻል! ይሄ ሆስፒታል በጭንቀት ሊጨርስሽ ነው!" ብላ ወደ ማዕድ ቤት ሮጠች። ቅቤውን አበዛችው። እኔም ግማሹን በልቼ ግማሹን በናፕኪን ጠቅልዬ ደበቅኩት። ሌባም ሆኛለሁ።

ሰኞ

ዝናቡ ሳስቷል። ዛሬ እስከ ቀትር ፀሐይ ነበር። ሰው ሁሉ ፀሐይ ወጣ ብሎ ደስ ሲለው እኔ ቀን እቆጥራለሁ። ቶሎ አታባራ፣ ቶሎ አታባራ እላለሁ ሰማዩን።

ወንድሜ ሲራመድ እግሩን መጎተት ጀምሯል። "ዛሬ ይቅርብህ" ስለው፣ "ከሜዳው ማዶ አንድ አዲስ ቤት ቀብተዋል አሉ፣ እሱን ሳላይ አልተኛም" አለ። ግትር! የሱን ግትርነት ሚዛን ላይ ቢያወጡት ከኔ ይበልጣል።

ረቡዕ፣ ሆስፒታል

ሜዳው ጋ ቆመ። ግድግዳ በሌለበት ቆመ።

"ምን እያየህ ነው?" አልኩት።

"ምንም" አለ። እርጥብ ሣር ላይ ቁጭ አለ። ግንባሩን ብነካው እሳት ነው።

ታክሲ አይገባም እዚያ። ክንዱን አንገቴ ላይ አድርጌ አስነሳሁት። እስከ አስፋልቱ ዳገት ነው። ሮጥኩ ማለት አልችልም። ግን አልቆምኩም። ትንፋሼ ሲያጥረኝ እሱ "እትዬ፣ አውሪ" ይለኛል በደከመ ድምፅ። ምን እንዳወራሁ አላውቅም።

አልጋ ሰጡት። ለእጥበት ደረቱ ላይ የገባው ቱቦ አመርቅዟል። ነርሷ ልብሱን እየቀየረችለት ተቆጣችው። "እረፍት አላልንህም? ማነው ተራመድ ያለህ?"

ዓይኑን ጨፍኖ፣ "የምትራመደው እህቴ ናት። እኔ ሸኚ ነኝ" አላት።

ረቡዕ፣ ቆይቶ

ሐኪሙን ኮሪደር ላይ ያዝኩት። ያመመው መራመዱ ነው ወይ አልኩት። ቱቦው ነው፣ አንቺ አይደለሽም አለኝ። ግን መራመዱ ድካሙን አብሶበታል። ደሙ እስኪጸዳ ቀዶ ጥገና የሚባል ነገር የለም። ከዚያ ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ "ቀንሰሻል። እሱ እንዳለው በርትተሻል" አለኝ።

"እሱ ማን?"

"ወንድምሽ ነዋ። አንቺን የመለስኩሽ ዕለት ጠዋት እጥበት ክፍል ነበር። የራሱ ጉዳይ ስለሆነ እኔው ነገርኩት። 'ለእሷ የሚቀላት እንቅስቃሴ ምንድነው?' ብሎ ሲያደርቀኝ ከረመ።"

ኮሪደሩ ላይ ካለው ወንበር ተቀመጥኩ። ያን ዕለት ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ፣ ስዋሽ እያየኝ፣ ያውቅ ነበር። ክረምቱን በሙሉ ያውቅ ነበር።

እንግዲህ ይኸው ልጻፈው። ፈርቻለሁ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ፈርቻለሁ። ቢላውን ፈራሁ፣ ተኝቼ አለመንቃትን ፈራሁ። ሐኪሙ "አትችዪም" ሲለኝ ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ቀለል አለኝ፣ ያንን ቅለት ነው ደብቄው የከረምኩት። የእማዬን ሾርባ እሷን ላለማስቀየም ብቻ አይደለም የጠጣሁት።

ዓርብ፣ ቢሮ

ከጠዋቱ መጨናነቅ ውስጥ አንድ ስልክ።

"የውሃ አቤቱታ መቀበያ፣ ምን ልርዳዎት?"

"እኔ ነኝ" አለች እናቴ። ከሆስፒታል ነው። ሞባይሌን በሥራ ሰዓት ስለማላነሳ በዚህ ደወለች። "ተራዎን ይጠብቁ እያለ ሙዚቃ አሰማኝ፣ ጠበቅኩ" አለች። "ልጄ፣ ትኩሳቱ አልወርድለት አለ። ዛሬ አለቃቸው ዘንድ ልገባ ነው። በፊት አንቺን ልጠይቅ ብዬ ነው። ጉዳያችን የት ደረሰ?"

ስልክ ሳወራ መቆም ልማድ ሆኖብኛል፣ ተነሳሁ። አፌም የለመደውን "ጉዳይዎ" ብሎ ጀመረ። ለገዛ እናቴ።

ምላሴን ነከስኩ።

"እማዬ፣ ወረፋ የለም" አልኳት። "ኖሮም አያውቅም። እኔ ነኝ። ወፍራም ነሽ፣ ሰመመኑን አትችዪም ብለው የመለሱኝ ገና ያኔ ነው። ሆስፒታሉን አትርገሚ። መርገም ካለብሽ እኔን እርገሚኝ።"

  በስልኩ ውስጥ የኮሪደሩ ጫጫታ ብቻ ይሰማኛል፣ የአልጋ ጎማ፣ የሰው ሳል።

"እና እኔ ያን ሁሉ ቅቤ..." አለች እማዬ። አልጨረሰችውም። ስልኩ ተዘጋ።

ባልደረባዬ ሬዲዮ ተነስታ መጣች። የሚያስቅ ነገር ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። ማዳመጫውን ከጆሮዬ አውልቃ የኔን መስመር ወደ ራሷ አዞረችው።

ዓርብ ማታ

እማዬ ምድጃው አጠገብ ቆማለች። ምድጃው አልተለኮሰም። እጆቿን የት እንደምታደርጋቸው ጠፍቷት አንዱን በሌላው ታሻለች።

"እንዴት ዝም ትይኛለሽ?" አለች ሳታየኝ። "እኔ በገዛ እጄ... በየቀኑ..." ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ምን ልሥራልሽ ታዲያ? እኔ ሌላ የማውቀው ነገር የለኝም።"

እግሯ ሥር ተንበርክኬ ጫማዋን አደረግኩላት። ማሰሪያውን አሰርኩት። "አብረሽኝ ውጪ" አልኳት።

እስከ እንጨት መሸጫው ሄድን። በመንገድ ከፊቴ ቀድማ ሄደች። ስንመለስ ግን፣ ዳገቱ ላይ፣ ክንዴን ያዘች።

ረቡዕ

ዝናቡ አባርቷል። ከሄደ ሰንብቷል፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል።

ጠዋት ሚዛን ላይ ወጣሁ። ቁጥሩን አልጽፈውም። ሐኪሙ ረጅም ጊዜ አየውና ራሱን ነቀነቀ። "ትንሽ ይቀርሻል።"

"ትንሿን ተዋትና ክፈተኝ" አልኩት። "እፈራለሁ፣ ግን ክፈተኝ። ከፈለግህ በጽሑፍ እፈርምልሃለሁ።"

"ብተዋትም እሱ ዛሬ አይችልም። ትኩሳቱ ሲለቀው እንነጋገር። ያቺን ትንሽ እስከዚያ ጨርሻት።" ሲለቀው አለ እንጂ ከለቀቀው አላለም። ይህቺን ቃል ይዣት ነው የወጣሁት። ሌላ የያዝኩት የለም።

የወንድሜ ክፍል ላይኛው ፎቅ ነው። እስከ ዛሬ በአሳንሰር ነበር የምወጣው። በሩ ተከፍቶልኝ ነበር፣ ሰዎቹም ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ። አልገባሁም። ደረጃውን ያዝኩ። ጉልበቴ ጮኸ፣ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ደለቀ፣ አንድ ቦታ ላይ ዓይኔ ጨለመና የግድግዳውን አረንጓዴ ቀለም በመዳፌ ተደገፍኩት። ቀለሙ እጄ ላይ ቀረ።

እማዬ አልጋው ጥግ ተቀምጣ እርጥብ ጨርቅ ግንባሩ ላይ ታገላብጣለች። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ከትናንት ወዲህ ብዙም አልተናገረም አለችኝ። አጠገቡ ጎንበስ አልኩ።

"የደረጃው ግድግዳ" አልኩት፣ ትንፋሼን ሳልሰበስብ፣ "ሁለተኛ እጅ አልነካውም።"

 ዓይኑን ሳይገልጥ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

"በደረጃ ነው የመጣሽው?"

"በደረጃ ነው።"

"ስንቴ ቆምሽ?"

"አንዴ" አልኩት። "ግድግዳውን ለማየት።"